የውሻና የድመት መደበኛ ሕክምና በጎንደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎንደር ውሻ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ እንስሳት ሐኪም የሚመጣው ውሻው እህል ውሃ ትቶ ከተኛ በኋላ ነው፤ ድመትማ ጨርሶ የምትታይበት ቀን የለም ማለት ይቀላል። ላሟና በሬው ወቅቱ ሲደርስ ይከተባሉ፤ ግቢውን ሌሊት ከቀን የሚጠብቀው ውሻ ግን «ሣር በልቶ ራሱን ያክማል» ተብሎ ይተዋል። ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ከአዘዞም ከማራኪም ከአራዳም የሚመጡ ባለቤቶች በየጊዜው የሚያነሷቸው ሲሆኑ፣ መልሶቹ በዋናነት ገና ያልታመመውን እንስሳ የሚመለከቱ ናቸው።

ውሻዬ ከግቢ አይወጣም። ታዲያ የእብድ ውሻ ክትባት ለምን ያስፈልገዋል?

ውሻው ባይወጣም በሽታው ይገባል። በር ሲከፈት ሾልኮ የሚገባ የሰፈር ውሻ፣ በቆርቆሮው አጥር ሥር አፉን አስገብቶ የሚናከስ የጎረቤት ውሻ፣ በግንብ ተሻግራ የምትመጣ ድመት ሁሉ ቫይረሱን በምራቃቸው ሊያደርሱት ይችላሉ። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ ውሻውንም ሆነ የተነከሰውን ሰው የሚያድን መድኃኒት የለም፤ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት የሚያዙት ከውሻ ነው።

ክትባቱ ለእርስዎ ውሻ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚሻገርበት ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ስለዚህ ታስሮ የሚውለውም ውሻ ከቁጥሩ ይገባል። ቀኑን ለማስታወስ ለሚቸገሩ ሰዎች የምሰጠው ምክር ከመስቀል በዓል ጋር እንዲያያይዙት ነው፤ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚታሰበው የክትባቱ ፈልሳፊ ሉዊ ፓስተር ባረፈበት ዕለት ሲሆን፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ይውላል።

ቡችላ በስንት ጊዜው ይከተባል? የእብድ ውሻ ክትባት ብቻውን አይበቃም?

አይበቃም። የእብድ ውሻ ክትባት ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይሰጥና ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ነገር ግን ቡችሎችን በብዛት የሚገድሉት ሌሎች ናቸው፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ፓርቮ፣ ሳንባንና አንጎልን የሚያጠቃው ዲስቴምፐር፣ የውሻ የጉበት ብግነትና በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስ። እነዚህን የሚከላከለው ጥምር ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ይጀመርና ቡችላው 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደጋገማል።

«አንዴ ወግታችሁት የለም ወይ፤ ለምን ታመላልሱናላችሁ?» የሚል ቅሬታ በየጊዜው ይቀርብልናል። ምክንያቱ እንገሩ ነው። ቡችላው ከእናቱ እንገር የጠጣው የመከላከያ ኃይል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበሽታ ይጠብቀዋል፤ ያው ኃይል ግን የምንሰጠውንም ክትባት ያከሽፈዋል። የእናት መከላከያ በየትኛው ቡችላ መቼ እንደሚያልቅ በዓይን አይታወቅምና፣ ክትባቱን መደጋገም ባዶው ጊዜ ሳያመልጠን ለመድረስ የሚደረግ ነው። ተከታታዩ እስኪያልቅ ድረስ ቡችላውን ከማይታወቁ ውሾች ማራቅ ይገባል።

ስለ ፓርቮ አንድ ነገር ልጨምር። ደም የቀላቀለና እጅግ የሚከረፋ ተቅማጥ ይዞት ቡችላ የሞተበት ቤት፣ ልጆቹ ስላለቀሱ ብቻ በሳምንቱ ሌላ ቡችላ ያመጣል፤ ሁለተኛውም ይሞታል፤ ከዚያም «ቤታችን ውሻ አይበረክትለትም» ይባላል። ቫይረሱ በአፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት ይቆያል፤ ሳሙናም አልኮልም አይገድለውም። የሲሚንቶ ወለልና የምግብ ሳህን በመጀመሪያ ታጥቦ፣ ቀጥሎ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ለ10 ደቂቃ ያህል እንዲርስ ይደረጋል፤ የአፈር ግቢ ግን በዚህ መንገድ አይጠራም። በእንዲህ ያለ ግቢ የሚገባው ቀጣዩ ውሻ ክትባቱን የጨረሰ መሆን አለበት።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ የሚገባው ነገር ስለሆነ፣ ከማቀዝቀዣ መውጣቱን ማየትና ብልቃጡ ላይ ያለውን ጊዜ ማንበብ የባለቤቱ መብት ነው። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊያስቀይመው አይገባም። ጥምር ክትባቱን ለማስወጋት ከመምጣት በፊት መኖሩን ደውሎ ማረጋገጥም መንገድ ያተርፋል።

ድመትም ትከተባለች?

አዎን። ድመትም በእብድ ውሻ በሽታ ትያዛለች፤ ሰውም ታስይዛለች፤ ስለዚህ ይህ ክትባት እንደ ውሻው በ3 ወር ይሰጣታል። ከዚህ ሌላ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትለውን የድመት ፓንሉኮፔኒያን እንዲሁም ማስነጠስና የዓይን ማዝ የሚያስከትሉትን ሁለት ቫይረሶች የሚከላከል ጥምር ክትባት አለ፤ መርሐ ግብሩ ከቡችላው ጋር ተመሳሳይ ነው።

ውሻችን ሰው ነከሰ። ምን እናድርግ?

ከውሻው በፊት ሰውየው። ቁስሉ ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠባል፤ 15 ደቂቃ ሲባል አንድ ጀበና ቡና የሚፈላበት ያህል ረጅም ጊዜ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ትልልቆቹ ሰዎች በሆድ ላይ በተከታታይ ቀናት ይሰጥ የነበረውን መርፌ እያስታወሱ ይፈራሉ፤ ዘመናዊዎቹ ክትባቶች ግን በክንድ የሚሰጡ ናቸው። ጸበል መጠመቅን የሚከለክል ሐኪም የለም፤ ሆኖም ጸበሉ ክትባቱን የሚያስቀር ተደርጎ ሲወሰድ የሚከፈለው ዋጋ ነፍስ ነው። በሽታው ከተነከሱ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ተደብቆ ስለሚቆይ፣ «ሳምንት ሆነው፣ ደህና ነው» ማለት ዋስትና አይደለም።

ውሻውን አትግደሉት። ታስሮ ወይም ተዘግቶበት ለ10 ቀን ይጠበቅ፤ በነከሰበት ሰዓት ቫይረሱ በምራቁ ውስጥ የነበረ ከሆነ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል፤ ይሞታልም። 10ኛውን ቀን ጤነኛ ሆኖ ካለፈ በሽታውን በዚያ ንክሻ አላስተላለፈም ማለት ነው። በቁጣ ጭንቅላቱ በድንጋይ የተፈጠፈጠ ውሻ ግን የሚጠበቅም የሚመረመርም ነገር አይተውም፤ የላቦራቶሪ ምርመራው የሚሠራው በአንጎሉ ላይ ነውና።

ደግሞም ያበደ ውሻ ሁሉ አይናከስም። አንዳንዱ ዝም ይላል፣ ጨለማ ይፈልጋል፣ የታችኛው መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሐጩም ይዝረከረካል። ባለቤቱ «አጥንት አንቆታል» ብሎ እጁን እስከ ጉሮሮው ይሰዳል። ይህን የሚያደርጉት ውሻቸውን የሚወዱ ሰዎች መሆናቸው ያሳዝናል። መንጋጋው የወረደና መዋጥ ያቃተው ውሻ አፍ ውስጥ ማንም ሰው እጁን አያስገባ።

የሆድ ትል መድኃኒት በየስንት ጊዜው ይሰጣል?

ቡችላ ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ወስፋት ይዞ ሊወለድ ስለሚችል፣ መድኃኒቱ በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንቱ፣ ከዚያም እስከ 6 ወሩ በየወሩ ይሰጠዋል። የድመት ግልገሎች ትሉን የሚያገኙት በእናታቸው ወተት በመሆኑ ከ3ኛው ሳምንት ይጀምራሉ። ለአዋቂዎቹ በየ3 ወሩ መስጠት በቂ ነው። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ነው፤ ስለዚህ ውሻውን ሳይመዝኑ «ለትልቅ ውሻ የሚሆን» ብሎ ክኒን መግዛት ወይ ማነስ ወይ መብዛት ይሆናል። ክብደቱን በቤት ለማወቅ ውሻውን አቅፎ ሚዛን ላይ መውጣት፣ ከዚያም ብቻ ቆሞ የራስን መቀነስ ነው።

ሆዱ እንደ ከበሮ የተወጠረ፣ ጎድኑ ግን የሚቆጠር ቡችላ ሲመጣ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ «ይበላልኮ፣ ወፍሯል» ይላል። የሚበሉት ትሎቹ ናቸው። ከጅራቱ ሥር በፀጉሩ ላይ የደረቀ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ከታየ ደግሞ በቁንጫ የሚመጣ የኮሶ ዓይነት ትል ነውና፣ ትሉን ከመግደል ጋር ቁንጫውንም ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በወሩ ይመለሳል።

በበዓል በግ ስናርድ ሳንባውንና የተበላሸውን ጉበት ለውሻ እንሰጣለን። ችግር አለው?

አለው፤ በዚህ ገጽ ላይ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ለቤተሰቡ ጤና ከባዱ ምናልባት ይኸኛው ነው። በፋሲካ ጠዋት በየግቢው የሚታየውን አስቡት፦ በጉ ተገፎ ተሰቅሏል፣ አራጁ ሳንባውን ሲያወጣ ላዩ ላይ ሎሚ የሚያካክሉ፣ ንጹሕ ውሃ የቋጠሩ ነጣ ያሉ ከረጢቶች አሉበት፤ «ይሄ ለሰው አይሆንም» ይልና ጥግ ላይ ምራቁን እየዋጠ ለተቀመጠው ውሻ ይወረውርለታል። ለሰው የማይሆነው ነገር በውሻው በኩል ዞሮ ወደ ሰው ይመጣል።

በከረጢቱ ውስጥ ያሉት የትል ራሶች በውሻው አንጀት ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ወደሚረዝሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ትሎች ያድጋሉ። ውሻው ምንም አይሆንም፤ አይከሳም፣ አያስቀምጠውም። የትሉ እንቁላል ግን በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ በፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ በጓሮው ጎመንና በልጆች እጅ በኩል ወደ አፍ ይገባል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያው የውሃ ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ መጨረሻውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው።

ስለዚህ ከረጢት ያለበት ሳንባም ሆነ ጉበት ውሻ ሊቆፍረው በማይችል ጉድጓድ ይቀበር፣ ወይም ይቃጠል። ጤነኛ የሚመስለውንም ቢሆን ሳይቀቅሉ መስጠት አይመከርም፤ ትንሽ ከረጢት ከሥጋው ውስጥ ተሸሽጋ ልትቀር ትችላለችና። በየጊዜው የሚታረድበት ግቢ ውስጥ ያለ ውሻ ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት ከ6 ሳምንት ባልበለጠ ልዩነት ቢወስድ ትሉ እንቁላል መጣል ሳይጀምር ይሞታል። ቅርጫ የሚያርዱ ጎረቤታሞች ሥጋውን እንደሚካፈሉ ሁሉ የጉድጓዱንም ቁፋሮ ቢካፈሉ መልካም ነው።

በጾም ወራት በቤታችን ሥጋ የለም። ውሻውና ድመቷ ሽሮ በእንጀራ ቢበሉ ምን ይሆናሉ?

ጾሙ የባለቤቱ እንጂ የእንስሳው አይደለም፤ ይህን በመናገሬ የተቀየሙኝ እናት ነበሩ፤ በኋላ ግን ድመታቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ውሻ ከእህል ጋር በተሻለ ይስማማል፤ ድመት ግን ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር በአካሏ በበቂ መጠን መሥራት ስለማትችል ከሥጋ፣ ከዓሣና ከመሳሰሉት ካላገኘች በጊዜ ብዛት ልቧና የዓይን ብርሃኗ ይጎዳሉ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሌሎቹ አጽዋማት ሲደመሩበት ከዓመቱ ትልቁን እጅ ይይዛል። አይጥ የምታድን ድመት ራሷን ትችላለች፤ በቤት ውስጥ ተዘግቶባት የምትውለው ግን ሌላ የምታገኝበት መንገድ የላትም።

መፍትሔው ውድ መሆን የለበትም። ሥጋ ቤቶች ከመዘጋታቸው በፊት በርበሬና ጨው ያልነካው ቋንጣ ለድመቷ ማድረቅ ይቻላል፤ የተቀቀለ እንቁላልና የበሰለ የጣና ዓሣ እሾኹ ወጥቶለት ይሰጣል። ሽሮውም ሆነ ሌላው ወጥ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ነው፤ ሁለቱም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራሉ፤ ድመት ደግሞ ይበልጥ ትጎዳለች። ወጥ ከመጨመር ይልቅ ሽንኩርት ሳይገባበት የተቀቀለ ምስር ወይም ሩዝ ለውሻው ለብቻው ማውጣት የተሻለ ነው። በፍስኩ ጊዜም የበሰለ የዶሮ አጥንት አይሰጥ፤ ሲሰበር እንደ ስንጥር ሹል ሆኖ አንጀት ይበሳል።

ቁንጫና መዥገርን በምን እናጥፋ?

በነጭ ጋዝ አይደለም፤ ለከብት ርጭት የተገዛውን ፈሳሽ በግምት በጥብጦ በማፍሰስም አይደለም። ነጭ ጋዙ ቆዳውን ያቃጥላል፤ ሲልሰውም ይመርዘዋል። ለውሻ የተዘጋጀ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ለድመት ቢቀባ ያንቀጠቅጣታል፤ ሊገድላትም ይችላል፤ ስለዚህ ለሁለቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት ከመጠቀም በፊት መጠየቅ ግድ ነው። በእንስሳው ላይ የምታዩት አዋቂው ቁንጫ ብቻ ነው፤ እንቁላሉና ትል የሚመስለው እጩ ያለው በመኝታው ማዳበሪያና በምንጣፉ ላይ ስለሆነ መኝታው በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ ፀሐይም ላይ ይዋል። መዥገር በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይነቀላል፤ በሲጋራ ወይም በክብሪት መተኮስ አያስፈልግም። ክረምቱ ሲገባና ሲወጣ፣ እንዲሁም ውሻው ወደ መተማ ቆላ ወርዶ ከተመለሰ፣ ጆሮውንና የእግሩን ጣቶች መካከል በየቀኑ መዳበስ ይገባል።

ድመቴ አተኩሷታል። ግማሽ ፓራሲታሞል ልስጣት?

አይስጡ፤ ሩቧንም ቢሆን። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ማስወገድ አይችልም። አንድ ምሽት በዘንቢል ተይዛ የመጣች ድመት ድዷ ቡና መስሎ፣ ፊቷ አባብጦ ነበር፤ ባለቤቷ ለልጇ ከገዛችው ክኒን ግማሹን በወተት ሰጥታት «እንዲያውም አሳነስኩላት» ትለን ነበር። አልተረፈችም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ለውሻ እንዲሁ አደገኞች ናቸው። የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2፣ የድመት ደግሞ ከ38.1 እስከ 39.2 ዲግሪ ያህል ነው፤ በእጅ ሲዳሰሱ ስለሚሞቁ ብቻ አተኩሷቸዋል አይባልም።

ማምከን ነውር አይደለም? ውሻውስ ሰነፍ አይሆንም?

ጥበቃ ከዘር ፍሬ ጋር የተያያዘ አይደለም፤ የመከነ ውሻ ይጮኻል፣ ግቢውንም ያውቃል፤ የሚቀርለት አጥር ዘልሎ ለቀናት መጥፋቱ ነው። በጎዳና ስሪያ የሚተላለፍ የብልት ዕጢ አለ፤ ደም ሲያንጠባጥብ የሚታይ፣ አበባ ጎመን የመሰለ እባጭ ነው፤ በወቅቱ ከተደረሰበት በመርፌ ይድናል፤ የመከነና ከቤት የማይጠፋ ውሻ ግን ብዙ ጊዜ አያገኘውም። ሴቷ ውሻ ደግሞ በስተርጅና ማሕፀኗ መግል ሊቋጥር ይችላል።

ድመት ከ4 እስከ 5 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ በ63 ቀን ገደማም ትወልዳለች። ግልገሎቹን በካርቶን አድርጎ ቅዳሜ ገበያ ዳር ከመጣል እናቲቱን ማምከን ይሻላል፤ ነውር የሚለው ቃል የሚገባውም ለዚያ ነው ባይ ነኝ። ለቀዶ ሕክምናው አዋቂ እንስሳ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ምግብ አይሰጠውም፤ ገና ግልገል ለሆነው ግን የጾሙ ሰዓት ያጥራልና ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ድመቷን እንዴት ላምጣት? ትቧጥጠኛለች።

ክዳን ባለው ዘንቢል ወይም በተበሳሳ ካርቶን፣ ከውስጥ የእርስዎ ጠረን ያለበት አሮጌ ነጠላ ተነጥፎ፣ ከላይም ተሸፍኖ። ጨለማ ያረጋጋታል። ዘንቢሉ ከቀናት በፊት ጀምሮ በቤት ውስጥ ተከፍቶ ቢቀመጥ ራሷ ገብታ ትተኛበታለች። በባጃጅ ውስጥ በእቅፍ ይዞ መምጣት ግን ለሁለታችሁም አይበጅም። ውሻ በበኩሉ በገመድ፣ ከተቻለም አፉ ታስሮ ይምጣ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅን በመሰለ ከብትና ፈረስ በሚታከሙበት ቦታ አንድ ልቅ ውሻ ወረፋውን ሁሉ ይበትነዋል።

የምንኖረው ደባርቅ ነው፤ ውሾቹ ከመንጋ ጋር ወደ ስሜን ተራሮች ይወጣሉ። የተለየ ጥንቃቄ አለ?

አለ። በስሜን የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን በአገሪቱ በሙሉ ቁጥሩ ከ500 በታች ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ እንደገናም በ2003 ከእረኞች ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል፤ ዲስቴምፐርም በሌላ ጊዜ እንዲሁ አድርጓል። ወደ ተራራው የሚወጣ ውሻ ሁለቱንም ክትባት የወሰደ፣ ሌሊትም የሚታሰር ቢሆን ቀበሮውም መንጋውም ይጠበቃል።

ውሻዬን ወደ አውሮፓ ይዤ ልሄድ ነው። ክትባቱ በቂ ነው?

ክትባቱ ብቻውን አይበቃም። በመጀመሪያ ከቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ (የመለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ ቺፕ) ይቀበርለታል፣ ከዚያ የእብድ ውሻ ክትባት ይወጋል፣ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ደሙ ተወስዶ በታወቀ ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ደግሞ 3 ወር ይጠበቃል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ ለምሳሌ ክትባቱ ከቺፑ ቀድሞ ከተሰጠ፣ እንደገና መጀመር ይሆናል። ትኬት የሚቆረጠው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

የክትባት ካርዱ ጠፋብኝ። ተከትቦ እንደሆነም አላስታውስም።

እንዳልተከተበ ይቆጠራል፤ እንደገና ይከተባል። ትርፍ ክትባት አይጎዳውም። አዲሱን ካርድ በስልክዎ ፎቶ ያንሱትና ዋናውን ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡት።